ጎረቤቴ ለጋኔሽ በዓል ጠርታኛለች፤ ሂንዱዎች የሚያምኑት ምንድን ነው?

ማር_ከሻርጃ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሻርጃ ነው። ከፊት ለፊቴ ያለው ቤት የህንድ ቤተሰብ ነው፤ ከማሃራሽትራ የመጡ ናቸው። ሴትየዋ ስታመም ሾርባ ይዛ የምትመጣ፣ ሥራ ሲያመሽብኝ ልጄን ከትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትቀበልልኝ ሰው ናት። ሰሞኑን «ጋኔሽ ጳጉሜን ላይ ቤታችን ይገባል፤ ልጅሽን ይዘሽ ነይ» አለችኝ። በእርግጥ «ጳጉሜን» አላለችም፤ ቀኑን ቆጥሬ ያወቅኩት እኔ ነኝ። ጋኔሽ የሚሉት የዝሆን ራስ ያለው አምላካቸው ነው።

እሺ ብያታለሁ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ስለነሱ እምነት የማውቀው ላም እንደማይበሉ፣ ብዙ አማልክት እንዳሏቸው፣ ሰው ሞቶ ተመልሶ ይወለዳል እንደሚሉ ነው፤ በቃ፣ ከህንድ ፊልም ያየነው። ሚሊዮን አምላክ አላቸው የሚባለው እውነት ነው? ሐውልቱን ነው የሚያመልኩት? ምግብ ሲሰጡኝስ ምን ልበል? እሷን ሳላስቀይም፣ እምነቴንም ሳልነካ መሄድ እፈልጋለሁ። የምታውቁ ንገሩኝ።

ቢኒ_አራት_ኪሎ

እህቴ፣ ቅር አይበልሽና እኔ ብሆን አልሄድም። ጣዖት ጣዖት ነው። ጉርብትናውን በሌላ ቀን ቡና ጠርተሽ አሳዪያት።

የፑኔ_ልጅ

ማር፣ ይህንን ጥያቄ እኔም ይዤው የዞርኩት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2013 ማሃራሽትራ ውስጥ ፑኔ ከተማ ተምሬያለሁ፤ የጎረቤትሽ አገር ማለት ነው። ሳዳሺቭ ፔት በሚባለው አሮጌ ሰፈር የአንዲት ባልቴት ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነበር። «ካኩ» ነበር የምላቸው። በማራቲ ቋንቋ የአጎት ሚስት ማለት ነው፤ ግን እኛ «እትዬ» እንደምንለው ለትልቅ ሴት ሁሉ ይሆናል። የማውቀውን አብዛኛውን ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው።

መጀመሪያ ስሙን እንያዝ። «ሂንዱ» ሲነሣ የሃይማኖት ስም አልነበረም። የወንዝ ስም ነው። ሲንዱ የሚባለውን ወንዝ ፋርሶች «ሂንዱ» አሉት፤ ከማዶ የሚኖረውም ሕዝብ በዚያው ተጠራ። መጽሐፈ አስቴር ሲጀምር አርጤክስስ «ከህንድ ጀምሮ እስከ ኢትዮጵያ ድረስ» ነገሠ ይላል አይደል? ያ «ህንድ» የዚሁ ወንዝ አገር ነው። ስለዚህ አንድ መሥራች፣ ወይም ሁሉም የሚደግመው አንድ ጸሎተ ሃይማኖት ብትፈልጊ አታገኚም። እነሱ «ሳናታና ዳርማ» ይሉታል፤ ዘላለማዊው ሥርዓት እንደማለት።

አሁን ወደ አማልክቱ። 33 «ኮቲ» አማልክት የሚል አባባል አላቸው። «ኮቲ» በሳንስክሪት አሥር ሚሊዮን ማለት ይሆናል፤ «ዓይነት» ማለትም ይሆናል። 330 ሚሊዮን የሚለው ወሬ የመጣው ከመጀመሪያው ፍቺ ነው። ብዙዎቹ ግን 33 ዓይነት ለማለት ነው ይላሉ።

ካኩ በጣም የሚወዱት አንድ ጥንታዊ ንግግር አለ። ብሪሃዳራንያካ በሚባለው ኡፓኒሻድ ውስጥ ነው ያለው፤ ኡፓኒሻድ ጥንታዊ የጥበብ መጽሐፋቸው ነው። አንድ ጠያቂ ያጅናቫልክያ የሚባለውን ጠቢብ ይዞ ይጠይቀዋል። አማልክት ስንት ናቸው? «ሦስት መቶ ሦስት፣ ደግሞም ሦስት ሺህ ሦስት።» እሺ፣ ግን በእውነት ስንት ናቸው? «33።» በእውነትስ? «6።» አሁንም ይጠይቀዋል። 3 ይላል፤ ከዚያ 2፤ ከዚያ አንድ ተኩል። በመጨረሻ «አንድ» ይላል። ያ አንዱ ማን ነው ሲባል እስትንፋስ ነው፣ ብራህማን ነው ይላል።

ብራህማን የሁሉ መሠረት ነው። ከካህናቱ ወገን፣ ከብራህሚኖች፣ ጋር እንዳታምታቺው። ቅርጽ የለውም፤ መጀመሪያና መጨረሻም የለውም። በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ ያለውን ነፍስ ደግሞ «አትማን» ይሉታል። እነዚህ ሁለቱ አንድ ናቸው ወይስ የተለያዩ? እዚህ ላይ ራሳቸው አይስማሙም። በ8ኛው ክፍለ ዘመን ሻንካራ አንድ ናቸው አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ማድቫ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው አለ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ሁለቱም ወገን ግን ሂንዱ ነው።

በተግባር አብዛኛው ሰው ልቡን የሚሰጠው ለአንዱ መልክ ነው። ቪሽኑን የሚሉ አሉ፤ ራማና ክሪሽና ሆኖ ወደ ምድር ወርዷል ብለው ያምናሉ። ሺቫን የሚሉ አሉ። እናት አምላክን፣ ዴቪን፣ የሚሉም አሉ። የዝሆን ራስ ያለው ጋኔሽ የሺቫና የፓርቫቲ ልጅ ነው። እንቅፋት የሚያነሣ ነው ይላሉ። ስለዚህ ሠርግም ይሁን የሱቅ ምረቃ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው።

ቢኒ_አራት_ኪሎ

ወንድሜ፣ አስተማሪ ነው፤ አመሰግናለሁ። ግን ዋናውን ዘለልከው። ጭቃው ላይ ይሰግዳሉ ወይስ አይሰግዱም?

የፑኔ_ልጅ

ይሰግዳሉ ቢኒ። ያንን አልደብቅህም። ግን ያየሁትን ልንገርህ፤ ፍርዱ የራስህ ነው።

የጋኔሽ ሐውልት ከሸክላ አፈር ይሠራል። «ሙርቲ» ይሉታል። ቀኑ ሲደርስ የካኩ ልጅ ከገበያ ይዞት መጣ፤ ፊቱ በጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ለእነሱም ሸክላ ነው። ቤት ገብቶ መቀመጫው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ካህን መጥቶ በጸሎት ይጠራዋል። ሥርዓቱ «ፕራና ፕራቲሽታ» ይባላል፤ እስትንፋስ ማኖር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 22 ቀን 2024 አዮድያ ላይ ለራማ ቤተ መቅደስ የተደረገውና ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን ያየው ይኸው ሥርዓት ነው።

ከዚያ በኋላ ጋኔሽ እንግዳ ነው። ቃሌን አላጋነንኩም፤ የሚያስተናግዱት ልክ እንደ ክቡር እንግዳ ነው። እግሩን ያጥባሉ። 21 ዘለላ ሣር፣ ቀይ አበባ፣ 21 ሞዳክ ያቀርቡለታል። ሞዳክ በእንፋሎት የሚበስል የሩዝ ዱቄት ነው፤ ውስጡ የተፈቀፈቀ ኮኮናትና ጥቁር የሸንኮራ ስኳር አለበት። ጠዋትና ማታ መብራት እያዞሩ ይዘምራሉ፤ «አርቲ» ነው። አንዳንድ ቤት አንድ ቀን ተኩል ይቀመጣል፣ አንዳንዱ ቤት አምስት፣ ሌላው አሥር ቀን።

እኔን የመለሰኝ የሽኝቱ ቀን ነው። ካኩ የመጨረሻውን ጸሎት አደረሱ። ከዚያ ሐውልቱን ከመቀመጫው ትንሽ፣ ሁለት ጣት ያህል፣ ገፋ አደረጉት። ተነሥቷል ማለት ነው። እጁ ላይ እርጎ አደረጉለት፤ እነሱ መንገደኛ ሲሸኙ እርጎ ያቀምሳሉ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። ከዚያ ወንዝ ወስደው አሰጠሙት። ሕዝቡ «ለከርሞ ቶሎ ና!» እያለ ይጮሃል።

አሥር ቀን ያገለገሉትን በገዛ እጃቸው ውኃ ውስጥ ሲከቱ ሳይ ደነገጥኩ። ማታ «ካኩ፣ አምላካችሁን እንዴት ታሰጥማላችሁ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ እሱ እኮ ሄዷል። የሰጠመው አፈሩ ነው። ከወንዝ መጣ፣ ወደ ወንዝ ተመለሰ» አሉኝ። ሐውልቱ አምላክ ነው ብለው ቢያምኑ ኖሮ ይህ በዓል ራሱ አይኖርም ነበር።

ከኛ ትምህርት ጋር አንድ ነው አላልኩም። አይደለምም። ግን ስለ ሰው እምነት ስንናገር ሰውየው በሚያምነው ልክ መናገር አለብን። ለእኔ ቁም ነገሩ ይህ ነው።

በነገራችን ላይ በአደባባይ የሚከበረው የጋኔሽ በዓል የፑኔ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1893 የነጻነት ታጋዩ ሎክማንያ ቲላክ የቤት ውስጡን በዓል ወደ ጎዳና አወጣው፤ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ሕዝቡን አንድ ላይ ለመሰብሰብ።

ማር_ከሻርጃ

እግዚአብሔር ይስጥህ። የእርጎውን ነገር ሳነብ ጎረቤቴ በዓይኔ መጣች፤ ልጄ የፈተና ቀን ጠዋት በማንኪያ እርጎ አጉርሳው ነበር! ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ምግቡስ ጉዳይ?

የፑኔ_ልጅ

ለአምላክ ቀርቦ ለሰው የሚከፋፈለው ምግብ «ፕራሳድ» ይባላል፤ ጸጋ እንደማለት። ለመጣ ሁሉ ይታደላል፤ ባዶ እጅ የሚመለስ የለም። ክርስቲያን ለጣዖት ስለቀረበ ምግብ ምን እንደሚል እኔና አንቺ እናውቃለን። እኔ አልበላሁም።

ግን ደብቄ አልጣልኩትም፤ ሆዴን አመመኝ ብዬም አልዋሸሁም። ከቀኑ በፊት «ካኩ፣ በእምነቴ የተነሳ ለአምላክ የቀረበ ምግብ አልበላም፤ እንዳይከፋዎት» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። በቀኑ ኩሽናቸው ውስጥ ሊጥ ሲያስቀሩ አየሁ። ከመቅረቡ በፊት ምንም አይቀመስም፤ ደንባቸው ነው። ስለዚህ የጋኔሹን 21 ካቀረቡ በኋላ ተመልሰው ገቡ፣ ያስቀሩትን ሊጥ ለብቻው ጠፈጠፉ፣ ለብቻው አበሰሉ። አምስት ሞዳክ በትንሽ ሰሐን። «ይሄ የአንተ ነው፤ ለማንም አልቀረበም» አሉኝ። ላዩ ላይ የቀለጠ ቅቤ አፍስሰውበት ነበር።

ስለዚህ አስቀድመሽ ንገሪያት። የምትወድሽ ሰው ትረዳሻለች።

ሌላው ቀላል ነው። ጫማ በር ላይ አውልቂ። ግንባርሽ ላይ ቀይ ዱቄት ልታደርግልሽ ስትል ካልፈለግሽ ሁለት እጅሽን ገጥመሽ ፈገግ በይና «ይቅርብኝ» በያት። በሩ ላይ ቀይ ስዋስቲካ ብታዪ አትደንግጪ። ስሙ ከሳንስክሪት ነው፤ ደህንነት ማለት ነው፤ ናዚዎች ከመውሰዳቸው ከሺህ ዓመታት በፊት የነበረ ምልክት። ላሊበላ ቤተ ማርያም መስኮቶች ላይም ያው ቅርጽ ተፈልፍሎ አለ።

ራሔል_ዘለንደን

ጾማቸውን ጨምርልን እንጂ! የሥራ ባልደረባዬ በወር ሁለቴ ትጾማለች። «ጾም ነኝ» ብላ ወተት ስትጠጣ አይቼ ግራ ገባኝ።

የፑኔ_ልጅ

ራሔል፣ ኤካዳሺ ነው። ጨረቃዋ ከሞላችበትና ከጠፋችበት ተቆጥሮ 11ኛው ቀን፤ በወር ሁለት ጊዜ። የኛ ጾም ተገልብጦ ታይቶሽ ነው። እኛ ወተትና ቅቤ እንተዋለን፣ እህል እንበላለን። እነሱ እህሉን ነው የሚተዉት። ሩዝ የለም፣ ስንዴ የለም፣ ባቄላና ምስር የለም። ሽሮ ብታቀርቢላት ጾሟን አስገደፍሻት ማለት ነው። ወተት፣ ፍራፍሬ፣ ድንች፣ ለውዝ ይፈቀዳል። ማሃራሽትራ ውስጥ «ሳቡዳና» የሚሏትን ይሠራሉ፤ ከካሳቫ ሥር የምትዘጋጅ ነጭ ትንንሽ ፍሬ ናት፤ በለውዝና በቃሪያ ትጠበሳለች። ውኃም ሳይቀምሱ የሚውሉ አሉ።

ደግሞ ሁሉም ሂንዱ ሥጋ አይበላም ማለት አይደለም። የቤንጋል ሰው ያለ ዓሣ መኖር አይችልም። ከበሬ ሥጋ ግን አብዛኞቹ ይርቃሉ።

አዋሽ_ማዶ

እስካሁን ያልከው ሁሉ ደስ ይላል። ግን ጥሩ ጥሩውን ብቻ አትንገረን። «የማይነኩ» የሚባሉትን ሰዎችስ? ሰውን በትውልዱ ርኩስ የሚል እምነት ላይ ይህን ያህል ፍቅር ማሳየት ይከብደኛል።

የፑኔ_ልጅ

ልክ ነህ። ባትጠይቀኝ ሳልነግራችሁ ባልፍ ጥፋት ይሆንብኝ ነበር።

ሪግ ቬዳ በሚባለው ጥንታዊ ቅዱስ መጽሐፋቸው ውስጥ አንድ መዝሙር አለ። ከጥንታዊው ሰው አፍ ብራህሚን ወጣ፣ ከክንዱ ተዋጊው፣ ከጭኑ ነጋዴውና ገበሬው፣ ከእግሩ አገልጋዩ ይላል። አራቱ «ቫርና» እነዚህ ናቸው። በተግባር ግን በሺህ የሚቆጠሩ «ጃቲዎች» አሉ፤ ጋብቻና ማዕድ በዚያ ይወሰን ነበር። ከሁሉም ውጭ የተጣሉት ዛሬ ራሳቸውን «ዳሊት» ይላሉ፤ የተደቆሰ ማለት ነው። ከጋራ ኩሬ ውኃ መቅዳት ይከለከሉ ነበር። ቤተ መቅደስ አይገቡም ነበር።

በየዓመቱ ሰኔና ሐምሌ ላይ ፑኔን አቋርጦ የሚያልፍ የእግር ጉዞ አለ። ሰዎች ሦስት ሳምንት ያህል እየዘመሩ ወደ ፓንዳርፑር ቤተ መቅደስ ይሄዳሉ፤ የድንያኔሽዋርንና የቱካራምን ነጠላ ጫማ ምሳሌ በሠረገላ ይዘው። እነዚህ እንደኛ ጻድቃን የሚከበሩ ባለቅኔዎች ናቸው። የቁልቢን ወይም የግሸንን መንገድ ያየ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። እንግዲህ ከእነዚያ ባለቅኔዎች አንዱ ቾካሜላ ነበር፤ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ሰው። ከዳሊቶቹ አንዱ ከሆነው ከማሃር ወገን ስለሆነ ቤተ መቅደሱ ውስጥ እንዲገባ አልተፈቀደለትም። ዕድሜውን ሙሉ የዘመረለትን አምላክ ከደጅ ሆኖ ነው የጠራው። መቃብሩ ዛሬም ከደረጃው ሥር ነው። የፓንዳርፑር በር ለዳሊቶች የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው፤ ያውም ሳኔ ጉሩጂ የሚባል መምህር ምግብ አልበላም ብሎ ከተቀመጠ በኋላ። እኔ ደረጃው ጋ ቆሜ አይቻለሁ። ሰዉ ወደ ውስጥ ከመዝለቁ በፊት ጎንበስ ብሎ የቾካሜላን መቃብር ይነካል።

ከዚያው ከማሃር ወገን አምቤድካር ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1927 ማሃድ ላይ ሕዝቡን መርቶ ከተከለከለው ኩሬ ውኃ ጠጣ። በኋላ የህንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀው ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ፤ አንቀጽ 17 «አለመነካካትን» ሻረ። ግን በሂንዱነት አልሞተም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 1956 ናግፑር ላይ በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ ተከታዮቹ ጋር ቡድሃ እምነት ገባ። ሕጉ ከወጣም በኋላ ልማዱ አልጠፋም፤ ገጠር ውስጥ ዛሬም ሰው የሚጎዳበት ነገር ነው።

ይህን ስጽፍ ግን የኛም ነገር ከፊቴ አልጠፋም። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» እያልን ጋብቻና ማዕድ የከለከልን ሰዎች ነን።

አዋሽ_ማዶ

እውነቱን ስለነገርከን አከብርሃለሁ። የቾካሜላን ታሪክ አላውቅም ነበር።

ሚኪ_ጀርመን

ካርማ ማለት ዕድል ነው አይደል? ሰው ሲጎዳ «ካርማ ያዘው» ይባላል።

የፑኔ_ልጅ

ሚኪ፣ ካርማ ማለት «ሥራ» ማለት ነው፤ የሠራኸው። ዕድል ከላይ ይመጣል፤ ካርማ ግን ከራስህ እጅ ነው። የዘራኸውን ታጭዳለህ፤ ግን በዚህ ዕድሜ ብቻ ሳይሆን በሚመጣውም ልደት። ያ መወለድና መሞት እየዞረ ሲቀጥል «ሳምሳራ» ይባላል። ፍላጎታቸው ጥሩ ቦታ መወለድ ሳይሆን ከዙሩ መውጣት ነው፤ «ሞክሻ»። በእውቀት፣ በፍቅርና በጸሎት፣ በተመስጦ ወይም በሥራ ይደረስበታል ይላሉ። ባጋቫድ ጊታ የሚባለው ቅዱስ መጽሐፋቸው 18 ምዕራፍ፣ 700 ጥቅስ ነው፤ ክሪሽና ጦር ሜዳ ላይ ልቡ ለተሰበረው አርጁና የነገረው። እዚያ ውስጥ ድርሻህ ሥራው ነው፣ ፍሬው ላይ ግን መብት የለህም የሚል አለ። ካኩ ኩሽና ውስጥ ሩዝ እየለቀሙ ነበር ይህንን የሚያንጎራጉሩት።

ሰሎሜ_ተ

ሞት ላይ አንድ ልጨምር። አብራኝ የምትሠራ ነርስ አባቷ ሲሞት ላጽናናት ብዬ አብሬያት ቆየሁ። አስከሬኑ በማግስቱ ተቃጠለ፤ ወንድሟ ነው እሳቱን የለኮሰው። እኛ መቃብር ስለለመድን ልቤ ተንቀጠቀጠ። እሷ ግን «ልብሱ አርጅቶ ነው፤ ቀየረው» አለችኝ። አመዱን ወንዝ ላይ በተኑት። በ10ኛው ቀን የሩዝ ድቡልቡል አስቀምጠው ቁራ እስኪነካው ጠበቁ። ቁራው ካልመጣ ሟቹ ቅር ያለው ነገር አለ ይላሉ። ሰዉ ሁሉ ሰማይ ሰማይ ያያል። ቁራው ሲያርፍ የናቷን ፊት ማየት ነበረባችሁ። በ13ኛው ቀን ዘመድ ጠርተው አበሉ። እኔ ሰልስትና አርባ ትዝ አለኝ።

የፑኔ_ልጅ

ሰሎሜ፣ በየዓመቱም ይታወሳሉ። ማር፣ ይህ ላንቺም ይጠቅማል። የጋኔሽ በዓል ካለቀ ሁለት ቀን ገደማ በኋላ ለሞቱ አባቶችና እናቶች የተለየ 15 ቀን ያህል ይገባል። ብዙዎች ያኔ አዲስ ዕቃ አይገዙም፣ ሠርግም አይደግሱም። ጎረቤትሽ ዝም ብትል በአንቺ ተከፍታ እንዳይመስልሽ።

ማር_ከሻርጃ

ሄድኩ! ሽኝቱም ላይ ነበርኩ፤ አምስት ቀን ነው ያስቀመጡት።

አስቀድሜ ስለ ምግቡ ነገርኳት። «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም፣ ስጨነቅ ነበር» አለችኝ። ለካ እሷም እኔን እንዳታስቀይም ስትፈራ ከርማለች። ለየብቻ አበሰለችልን። መብራቱን ሲያዞሩ እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር፤ ማንም ነይ አላለኝ፣ ማንም ለምን አላለኝ።

እዚህ ወንዝ የለም፤ ስለዚህ በረንዳ ላይ ባልዲ ሞልተው እዚያ ውስጥ አስገቡት። እርጎውን እጁ ላይ ስታደርግ ልጄ «እማ፣ ይርበዋል?» አለኝ። እሷ ሰምታ «መንገዱ ሩቅ ነው» አለችው። በማግስቱ ጠዋት ባልዲው ሥር ጭቃ ብቻ ነበር። ውኃውን ሪሃን የተተከለበት ማሰሮ ላይ አፈሰሰችው።

ለእንቁጣጣሽ ደግሞ እሷ መጣች። ቡና አፈላሁ፣ ፈንዲሻ አፈካሁ። ዳቦውን እንቁላል የለውም ብያት ነው የቀመሰችው። አሁን ደግሞ ለዲዋሊ፣ ለመብራት በዓላቸው፣ ጠርታኛለች። ምን ይዤ ልሂድ?

የፑኔ_ልጅ

ጣፋጭ ውሰጂ። እሱም እንቁላል የሌለበት ይሁን። ልጅሽን የጥጥ ልብስ አልብሺው፤ ርችት አለ።

ቢኒ_አራት_ኪሎ

ማር፣ እንኳን ሄድሽ። የዲዋሊውንም ጻፊልን።